ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚወጣ የቤት ድፎና የሜሪላንድ ሕግ

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎና የልደት ኬክ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ከአሁኑ የበለጠ ትእዛዝ መቀበል እንደማይችሉ ስለነገሩኝ ስማቸውን አልጠቅስም። ምን እንደሚጋግሩና ለማን እንደሚሸጡ በአብዛኛው የሚወስነው የግዛቲቱ ሕግ በመሆኑ፣ ስለ ዳቦው ስጽፍ ስለ ሕጉም መጻፌ የግድ ነው።

ዋናው ሥራቸው ድፎው ነው። የኮባ ቅጠል ስለማይገኝ ከእስያውያን የሸቀጥ መደብሮች በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን የሙዝ ቅጠል ገዝተው፣ አጥበውና በእሳት አለስልሰው ሊጡን ከላይም ከታችም ይሸፍኑበታል። ቅርፊቱ ቀጭን ነው፤ ውስጡም ዓይን ያወጣና በደንብ የበሰለ ነው። ጥቁር አዝሙዱና ኮሮሪማው ይሸታሉ እንጂ አፍ አይይዙም፤ እዚህ አገር ብዙዎች የሚያበዙት ስኳርም የለበትም። በሦስተኛው ቀን ለቁርስ ሲሞቅ እንኳ አይፈረፈርም። ዳቦ ቆሎው ደህና ነው፤ በርበሬው ትንሽ ቢጨመርበት ግን እመርጣለሁ።

ኬኩ የዚህን ያህል አያረካም፤ ጥፋቱ ግን ሙሉ በሙሉ የጋጋሪዋ አይደለም። የሜሪላንድ ሕግ ከመኖሪያ ቤት እንዲሸጥ የሚፈቅደው ያለ ማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ለጤና የማያሰጋ ምግብን ብቻ ስለሆነ፣ ፍሬሽ ክሬም፣ ክሬም ቺዝና ሚልፎይ ውስጥ የሚገባው የወተትና የእንቁላል ክሬም ለእርሳቸው ክልክል ናቸው። ስለዚህ ኬካቸውን በቅቤና በዱቄት ስኳር ይሸፍኑታል፤ ልጆች ይወዱታል፣ ለአዋቂ ግን ጣፋጭነቱ ይበዛል። ዶሮ ዳቦ ይጋግሩልኝ ብዬ ስጠይቃቸውም በዚሁ ምክንያት እሺ አላሉም። በዚህ ክልከላ አልከራከርም፤ በበጋ ሙቀት መኪና ውስጥ የሚረሳ የክሬም ኬክ ምን እንደሚያስከትል የታወቀ ነው።

ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ የዓመቱን ሽያጭ በ25,000 ዶላር ይገድብ ነበር፤ በ2022 ጣሪያው ወደ 50,000 ከፍ ብሏል። ለተጠቃሚ በቀጥታ ለሚሸጥ ሰው ከጤና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ወይም ወጥ ቤትን ማስመርመር ግዴታ አይደለም። ለሱቅ ማስረከብ የሚፈልግ ግን የምግብ ደኅንነት ሥልጠና መውሰድና ማሸጊያው ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ አስቀድሞ ማቅረብ አለበት። እስከ 2021 ድረስ በቤት የተጋገረ ኩኪ መሸጥ እንኳ ካልተፈቀደባት ከኒው ጀርሲ ጋር ሲነጻጸር ይህ ለአነስተኛ ጋጋሪ እስትንፋስ ነው። ከቤት መጋገር ባይፈቀድና የወጥ ቤት ኪራይ ቢጨመርበት የእርሳቸው ድፎ በአሁኑ ዋጋ ሊሸጥ አይችልም ነበር።

የምነቅፈው የማሸጊያውን ጽሑፍ ነው። የዱቄቱ፣ የቅመሙና የክብደቱ ዝርዝር መጻፉ ተገቢ ነው። ከሥሩ ግን ምግቡን ያዘጋጀው ድርጅት ለሜሪላንድ የምግብ ደኅንነት ደንቦች የማይገዛ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ጎላ ብሎ እንዲታይ ሕጉ ያስገድዳል። ይህን የሚያነብ እንግዳ ሰው ሴትየዋ ከሕግ ውጭ የሚሠሩ ሊመስለው ይችላል፤ የሚሠሩት ግን ሕጉ ባዘዘው መንገድ ነው።

ሌላው ችግር ወሰኑ ነው። ሽያጩ የሚፈቀደው በሜሪላንድ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ የእኛ ሰው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሮ ጎረቤት ግዛት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ይደርሳል፣ ዋሽንግተን ክርስትና ይጠራል። ጋጋሪዋ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ስለማያደርሱ የቨርጂኒያ ዘመድ ድፎ ሲፈልግ ከእኛ አንዱ ሄዶ ያመጣለታል። ሕጉን አክብረው ገበያቸውን በማጥበባቸው የሚጎዱት እርሳቸው ናቸው፤ ስለ ሕጉ ግድ የሌለው ሌላ ጋጋሪ ግን በየበሩ ያደርሳል።

ቀድሞ የሚያውቃቸው ደንበኛ ማዘዝ ሲፈልግ ሁለት ቀን አስቀድሞ ይደውል፤ ለፋሲካና ለገና ሳምንት ደግሞ ከዚያም ቀደም ማለት ያስፈልጋል። ቀብዱን በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ይቀበላሉ፣ ቀሪው ዳቦው ሲወሰድ ይከፈላል። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው ሲያዝ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ከላይ ይነሰንሱበታል።