ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፦ ስለ ጀልባው፣ ስለ አስጎብኚውና ስለ ዕቃ ቤቱ አባት

ከ11 ዓመት በኋላ ከለንደን ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ ባሳለፍኋቸው 3 ሳምንታት ከተጠቀምሁባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ለሌላው መንገር ያለብኝ ከአክስቴ ጋር በጣና ሐይቅ በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያደረግነውን የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ማረፊያዬ ንጹሕ ነበር፤ ዓሣውም እንደ ልጅነቴ ጊዜ ይጣፍጣል።

ጀልባውን ያከራየን ወኪል በዋዜማው በስልክ በ4,000 ብር ተስማምቶ ከጧቱ 1 ሰዓት እንድንነሣ ቀጠረን። ወደቡ ላይ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ቆምን። መጀመሪያ ነዳጅ ጠፋ ተባለ፤ ቀጥሎ ሌሎች ተሳፋሪዎች ይጠበቃሉ ተባለ፤ ጀልባውን ለብቻችን የተከራየን መሆናችንን ስናስታውሳቸው ግን መልስ የሚሰጠን አልተገኘም። ልንሳፈር ስንል ወኪሉ ፓስፖርቴን አይቶ «እህቴ፣ አንቺ የምትከፍዪው በውጭ ዜጋ ሒሳብ ነው» ብሎ ዋጋውን 8,000 ብር አደረሰው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን ባሳየው «እሱ ለቪዛ ነው» አለኝ። አክስቴ ዕድሜዋ 70 አልፏል፤ ፀሐይ ላይ ቆማ ስለ ደከመች ከፈልሁ። ደረሰኝ ስጠይቀው የጻፈልኝ ግን 4,000 ብር ብቻ ነው። የለንደኖቹ የብሪቲሽ ሙዚየምና የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ከአገራችን የተወሰዱ ቅርሶች የሚገኙባቸው፣ ለማንም ሰው መግቢያ አያስከፍሉም፤ በተወለድሁበት ሐይቅ ዳር ቆሜ የአያቶቼን ሥዕል ለማየት እንደ ባዕድ መቈጠሬ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኡራ ስንደርስ ወኪሉ የሰጠን አስጎብኚ ሥዕል ካለበት የመቅደሱ ግድግዳ ፊት አቁሞን በእንግሊዝኛ ጀመረ። በአማርኛ እንዲነግረን አክስቴ ብትለምነውም ያጠናውን ቃል በቃል ተርጕሞ ደገመው እንጂ አልጨመረበትም፤ የጥንት ሠዓሊዎች የሰው አካል አሣሣል ስላልተማሩ አንዳንዱን ሰው በአንድ ዓይን አስቀሩት አለን። ይህን የሰሙ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባት ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ሳያውቁ አይደለም፤ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን የሣሉት ማን ማን እንደ ሆነ ያልተማረውም እንዲለይ ነው» አሉት። ከዚያ የበላዔ ሰብእን ሥዕል አሳዩንና ታሪኩን እንድትጨርሰው ለአክስቴ ተዉላት። እርሷም 78 ነፍስ ከበላው ሰው ጀምራ፣ በእመቤታችን ስም ለጠማው በእፍኝ የሰጠው ውኃ ሚዛኑን እስከ ደፋበት ድረስ፣ እጇን ወደ ሥዕሉ ዘርግታ ተረከችው። ሥዕሉ የተሠራው እንዲህ ለሚያነቡት ሰዎች ነው። በለንደን ከመስተዋቱ ሥር የማነበው ጽሑፍ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ሆነና በማን እጅ ወደ ሙዚየሙ እንደ ገባ ይነግረኛል፤ በዕቃው ፊት ምን እንደሚባል፣ ማን እንደሚሳለመው ግን አይነግረኝም። የዚያ ቀን አስጎብኚያችንም ያንኑ የሩቅ ሰው ዓይን ወደ ገዛ አገሩ ይዞ ገብቷል፤ ይህ ከገንዘቡ ይልቅ አሳዘነኝ።

በዕቃ ቤቱ አባታችን ዘውዶቹን ሲያሳዩን፣ ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደር ቍስቋም የሰጠችው የወርቅ ዘውድ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እንደሚገኝ ነገርኋቸው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቡትን ሀብት በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ መውሰዱን ያውቁ ነበር። ሙዚየሙ በ2010 ዓ.ም. የተወሰዱትን ዕቃዎች በረጅም ጊዜ ብድር ለኢትዮጵያ እሰጣለሁ ማለቱን ስነግራቸው ግን ዝም አሉ። ቀጥዬ በብሪቲሽ ሙዚየም ስላሉት 11 ታቦታት አነሣሁ። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ የራሱ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም፤ ይህንንም ለሃይማኖታችን ያለው አክብሮት አድርጎ ያቀርበዋል። አባታችን «ማሳየት እንደማይገባ ከገባቸው፣ ለምን ያስቀምጧቸዋል?» አሉ። ሙዚየሙ ዕቃ እንዳይለቅ የሚከለክል የ1963 እ.ኤ.አ. ሕግ አለ ብዬ መለስሁ፤ መልሱ ግን ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አልበቃኝም። በአውሮፓ ያሉ ሙዚየሞች አቀራረባቸውን እናሻሽላለን ሲሉ፣ እንደ እኒህ ያሉ አባቶችን የሚጠሩት ያለቀለትን ጽሑፍ እንዲባርኩላቸው መሆን የለበትም፤ ምን ይታይ፣ ምን ይሸፈን፣ ምን ይመለስ የሚለውን ከመጀመሪያው እንዲወስኑ ሥልጣኑ ይሰጣቸው።

አባታችን አንድ ትልቅ ብራና አውጥተው ገና ሁለተኛውን ቅጠል ሲገልጡ ጀልባ ነጂው ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይነሣል ብሎ ጠራን። በሐይቁ ሰው ላይ አልፈርድም፤ ነፋሱን እኔም አውቀዋለሁ። ጧት ወደቡ ላይ ያስጠፉን 2 ሰዓት ተኩል ግን ለዚያ ብራና የሚሆን ጊዜ ነበር፤ በዕቃ ቤቱ የቆየነው 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ወደ ዘጌ የምትሄዱ ሰዎች ጠቅላላውን ዋጋና የመቆያውን ሰዓት በጽሑፍ አስፍሩ፤ ተሳፍራችሁ ሳትነሡ ሙሉውን አትክፈሉ። ኡራ ስትደርሱ የዕቃ ቤቱን አባት ፈልጉ፤ ሥዕሉንም አስጎብኚው ከመናገሩ በፊት እሳቸውን ጠይቋቸው።