ዜሮ አወር ወይስ ቋሚ ሰዓት?

እንግሊዝ አገር ሥራ ስትፈልጉ ሁለት ዓይነት ውል ይገጥማችኋል። በቋሚው ውል ላይ በሳምንት 30 ወይም 40 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። በዜሮ አወር ግን አሠሪው ሥራ የመስጠት ግዴታ የለበትም። እናንተም ሲጠሯችሁ እምቢ ማለት ትችላላችሁ።

ሲሰሙት ነፃነት ይመስላል። እኔ ለንደን ውስጥ አረጋውያን ስንከባከብ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ አውቶቡስ ላይ ሳለሁ «ዛሬ ሺፍት የለም» የሚል ቴክስት ደርሶኛል። የዚያን ሳምንት ኪራይ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። ቋሚ ሰዓት ቢኖረኝ ኖሮ፣ የተዋዋልኩት ሰዓት እንዲከፈለኝ መጠየቅ እችል ነበር።

ያም ሆኖ ዜሮ አወር ማለት ዜሮ መብት ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሀበሻ አያውቀውም፤ በጣም ያሳዝነኛል። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያና ፔይስሊፕ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) ለሁለቱም ይገባል። የዓመት ፈቃድም ለሁለቱም አለ። ቋሚው በዓመት 5.6 ሳምንት ያገኛል። ሰዓቱ ለሚለዋወጥ ሰው ከሠራው ሰዓት 12.07 በመቶ ይጠራቀምለታል። 100 ሰዓት ከሠራችሁ 12 ሰዓት ያህል የሚከፈልበት እረፍት አላችሁ ማለት ነው። ዜሮ አወር ውል ላይ «ሌላ ቦታ እንዳትሠሩ» የሚል አንቀጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አይሠራም።

ልዩነቱ የሚከፋው ስንብት ላይ ነው። ሥራ ሲቀነስ ካሳ የሚያገኘው 2 ዓመት ያገለገለ «ኢምፕሎዪ»፣ ማለትም በሕግ ሙሉ የቅጥር መብት ያለው ሠራተኛ ነው። ዜሮ አወር ላይ ያለው ብዙ ጊዜ «ወርከር»፣ ማለትም መብቱ ከኢምፕሎዪ ያነሰ ሠራተኛ ተብሎ ይታለፋል። ግን ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን በተግባር የነበረውን ጭምር ነው። ስለዚህ የሺፍት ቴክስቶቻችሁን አታጥፉ።