እግሬን አሞኝ ሄጄ ወገቤን ያየልኝ ክሊኒክ

ድሬ፣ ሳቢያን አካባቢ ስላለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው የምጽፈው። ስሟን አልጠራም፣ ወቀሳም ስላለኝ።

የግራ እግሬ በትንሿ ጣት በኩል እስከ ውስጥ እግሬ ያቃጥለኛል፣ አንዳንዴም ይደነዝዛል። ሱቅ ተቀምጬ ስውል ይብስበታል፣ ባጃጅ ላይማ አይነሳ። አሸዋ ገበያ ያለ ነጋዴ ለስላሳ የጫማ ገበር ሸጦልኝ "በዚህ ይለቅሃል" አለኝ። ገበሩ ምቹ ነው፣ ህመሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

ክሊኒኳ ያለችው ባለሙያ እግሬን ነካ ነካ አድርጋ አልሸኘችኝም። በተረከዜ አስኬደችኝ፣ ከዚያ በአንድ እግር በጣቶቼ ጫፍ አቆመችኝ፤ በቀኙ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ በግራው ግን ተረከዜ ወዲያው ወረደ። በጀርባዬ አስተኝታ እግሬን ጉልበቴን ሳላጥፍ ቀስ እያለች ስታነሳው ግማሽ ላይ ሲደርስ ከቂጤ እስከ ተረከዜ ነዘረኝ። አቦ፣ ጮህኩ! በትንሽ መዶሻ ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት ስትመታ ደግሞ የቀኙ እግር ዘለል አለ፣ የግራው ዝም።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ከታችኛው ወገብ የሚወጡት የነርቭ ሥሮች ተገናኝተው ሳያቲክ የሚባለውን ነርቭ ይሠራሉ፣ መስመሩም እስከ እግር ጣት ይወርዳል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሳይ ዲስክ ወጣ ብሎ አንዱን ሥር ሲጫነው ወገብ ብዙም ሳያም እግር ሊያም ይችላል። አምስተኛው የወገብ ነርቭ ከሆነ የእግር ጀርባና አውራ ጣት ይደነዝዛል፣ እግርን ቀና ማድረግም ያስቸግራል። የኔ ከሱ ቀጥሎ ያለው፣ ኤስ አንድ የሚሉት ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርደው ሲረግጡ ተረከዝን የሚወጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ እግር ጅማት ነው። ሁለቱም እግር እኩል ካልሲ የሚደርስበት ድረስ ከደነዘዘ ስኳር ይመርመሩ ትላለች።

የወደድኩላት በመጀመሪያው ቀን ኤምአርአይ አለማዘዟ ነው። አብዛኛው የዲስክ ህመም በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል አለች። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ ወይም የእግር ጫፍ ቀና ማለት አቅቶት እየተንጠለጠለ ከመጣ ግን ቀጠሮ የለም፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወቀሳዬስ? የቀጠሮ ሰዓት ለስሙ ነው። በዚያ የድሬ ሙቀት የመጠበቂያ ክፍሉ ቬንትሌተር አይሠራም። ማሞቂያ ማሽን ስር አስተኝተው ሌላ ሰው ጋ ይሄዳሉ፣ ሂሳቡ ግን ሙሉ ነው። ቤት የምሠራውን እንቅስቃሴም በቃል ብቻ ነው የነገሩኝ፣ አንዲት ወረቀት ማን ይነፍጋል? አክስቴ ወጌሻ ጋ ካልሄድክ እያለች ነበር፤ ነርቭ የተጫነበትን ወገብ በጉልበት ማሸት ሊያብሰው ስለሚችል እምቢ አልኩ።

ለምርመራው ከአምስት አምስት፣ ለመስተንግዶው ሁለት። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ሰፊ ሱሪ ልበሱ፣ እንቅስቃሴውን ስታሳያችሁ በስልክ ቅረጹት። ስጠይቃት ፈቅዳልኛለች።