ዋይፋይ፣ ዚግቢ ወይስ ኢኤስፒ32፦ ቤታቸውን ራሳቸው አውቶማቲክ ለሚያደርጉ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ቤቱን በራሱ እጅ አውቶማቲክ ማድረግ የሚፈልግ ሰው በዋናነት ሦስት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው በስልክ አፕሊኬሽን የሚታዘዙ እንደ ሶኖፍና ቱያ ያሉ የዋይፋይ መሣሪያዎችን ገዝቶ መግጠም ነው። ሁለተኛው ዚግቢ በተባለ ኃይል ቆጣቢ የሬዲዮ መገናኛ የሚነጋገሩ መሣሪያዎችን ገዝቶ፣ ቤት ውስጥ በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ በሚሠራው ሆም አሲስታንት በተባለ ነጻ ሶፍትዌር ማስተዳደር ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኢኤስፒ32 በተባለ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድና በሪሌ (ከቦርዱ በሚመጣ ምልክት በሚበራና በሚጠፋ ማብሪያ) የሚፈልጉትን ራስ መሥራት ነው። ሻጮች ሲያወዳድሩ ዋጋንና የአፕሊኬሽኑን ውበት ያስቀድማሉ፤ መብራትና ኢንተርኔት ሳይታሰብ በሚቋረጥበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ የሚኖር ገዢ ግን በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ኢንተርኔት ሲቋረጥ የትኛው ሥራውን እንደሚቀጥል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ነው።

ለመጀመር የሚቀልለው የዋይፋይ መሣሪያ መሆኑ አያከራክርም። ከራውተርና ከስልክ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ የሚሰካ ሶኬት ወይም አምፖል ከሆነም ግድግዳ መክፈት ስለማያስፈልግ ለተከራይ የተሻለ አማራጭ አይገኝለትም። አብዛኞቹ የሚቀበሉት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን ብቻ ስለሆነ ራውተሩ በዚህ ሞገድ እንደሚሠራ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይበቃል። ዋናው ድክመታቸው ብዙዎቹ የሚታዘዙት በአምራቹ ሰርቨር በኩል መሆኑ ነው፤ ሳሎን የተቀመጠ ሰው የኮሪደሩን መብራት ለማጥፋት የሚሰጠው ትእዛዝ ባሕር ማዶ ደርሶ ይመለሳል፣ መስመሩ ከተቋረጠም በመንገድ ይቀራል። ከዚህ ወገን የቡልጋሪያው ሼሊ ይለያል፤ መሣሪያው የራሱ የማስተካከያ ገጽ ስላለው ኢንተርኔት ባይኖርም በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ይታዘዛል። የዋይፋይ መሣሪያ መግዛት የግድ ከሆነ ሻጩን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዚግቢ የሚሠራው በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ቢሆንም ኔትወርኩ የራሱ ነው፤ ራውተሩን አያጨናንቅም፣ ከመብራት መስመር ጋር የተገናኙት መሣሪያዎችም መልእክቱን አንዱ ለሌላው እያቀበሉ ሩቅ ክፍል ድረስ ያደርሱታል። የበርና የእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹ ኃይል እጅግ ቆጣቢ በመሆናቸው በአንዲት ክብ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት በላይ ይሠራሉ፤ በዋይፋይ ሴንሰር ይህን መጠበቅ ከባድ ነው። ሆም አሲስታንት በ2013 በፓውለስ ስካውትሰን የተጀመረ ሲሆን፣ ውሳኔው ሁሉ የሚከናወነው በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋ የሚጎድለው ከውጭ ሆኖ መቆጣጠሩ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ በቀላሉ የሚጎዳው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ብዙ መመሪያዎች ራስቤሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ከሚሞሪ ካርድ ጋር እንዲገዛ ይመክራሉ፤ ይሁንና መብራት በድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረ ካርድ መረጃው ሊበላሽ ስለሚችል፣ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ምክር ደካማ ነው። በእኔ ግምት ባትሪው ገና ያልሞተ አሮጌ ላፕቶፕ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ኤስኤስዲ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ካለው ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል፣ ባትሪውም መብራት ሲጠፋ ኃይል እንደሚሰጥ ዩፒኤስ ያገለግላል። ኮምፒውተሩን ከዚግቢ መሣሪያዎቹ ጋር የሚያገናኘውን የዩኤስቢ መቀበያ በቀጥታ ከላፕቶፑ ጎን ከመሰካት ይልቅ በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ አርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ በዚሁ ሞገድ ላይ ረብሻ ስለሚፈጥር፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ተብሎ የሚመለሰው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ኢኤስፒ32 ከሦስቱ በዋጋ ረከስ ያለ፣ በልፋት ግን ውድ የሆነው መንገድ ነው። ፕሮግራሙ በቦርዱ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ከተጻፈ ኢንተርኔትም ዋይፋይም ሳይጠብቅ ሥራውን ይሠራል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሮቶ ውሃ ነው፤ ውሃው ዝቅ ሲል ፓምፑን ማስነሳት፣ ሲሞላ ማጥፋት፣ ከታች ያለው ታንከር ባዶ ከሆነም ፓምፑ በደረቁ እንዳይዞር መከልከል ይችላል። ነገር ግን 10 አምፔር የሚል ጽሑፍ ባለበት ትንሽ ሪሌ ፓምፕን በቀጥታ ማስነሳት አደገኛ ነው። የ1 የፈረስ ጉልበት ሞተር 746 ዋት ቢባልም ሲነሳ የሚስበው ኃይል ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለሆነ የሪሌው መገናኛ ሊጣበቅና ፓምፑ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሪሌው ኮንታክተር የተባለውን ከባድ ጭነት የሚችል ማብሪያ ብቻ እንዲያዝ፣ ፓምፑን ደግሞ ኮንታክተሩ እንዲያስነሳው መደረግ አለበት። በነገራችን ላይ ፍላጎቱ ሮቶ መሙላት ብቻ ከሆነ ተራ ተንሳፋፊ ማብሪያና ኮንታክተር ያለ ምንም ቦርድ ይበቃሉ።

የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ከመግዛት በፊት ሳጥኑን ከፍቶ ማየት ያሻል፤ ይህም ብሬከሩን አጥፍቶ፣ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ የሚያደርገው ነው። በብዙ ቤቶች ሳጥን ውስጥ ያሉት ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እና ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ሲሆኑ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) የለም፤ አብዛኞቹ የዋይፋይ ማብሪያዎች ግን ኒውትራል ይፈልጋሉ። ያለ ኒውትራል የሚሠሩ የዚግቢ ማብሪያዎች አሉ፤ ሆኖም በአነስተኛ ዋት ኤልኢዲ አምፖል ላይ ብልጭ ድርግም የማለት ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ። የእንጀራ ምጣድን በተመለከተ ሦስቱም መንገዶች ቢቀሩ ይሻላል፤ 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ 10 አምፔር የሚል ሶኬት ያቃጥላል፣ 16 የሚለውንም ጠርዙ ላይ ያደርሰዋል። እንዲሁም ማንኛውም መሣሪያ ሲገዛ መብራት ሲመጣ በርቶ፣ ጠፍቶ ወይም እንደነበረ እንዲሆን የሚያደርግ ማስተካከያ ያለው መሆኑ ይታይ፤ ይህ የሌለው አምፖል ሌሊት መብራት ሲመለስ መኝታ ቤቱን ቦግ አድርጎ ያበራዋል።

እንግዲህ ተከራይ ከሆኑ ሁለት ሦስት የዋይፋይ ሶኬቶች ይበቃሉ፤ የራሳቸው ቤት ያላቸውና ከአሥር በላይ መሣሪያ የሚያስቡ ሰዎች ከወዲሁ በዚግቢ ቢጀምሩ በኋላ ከመቀየር ይድናሉ፤ ኢኤስፒ32 ደግሞ ለውሃና ለአትክልት ማጠጫ ከዚያው ከሆም አሲስታንት ጋር ሊጣመር ይችላል። ዕቃውን ከአሜሪካ ዘመድ እንዲያመጣ የሚያዝዝ ሰው ግን ዚ-ዌቭ በተባለ ሌላ የሬዲዮ መገናኛ የሚሠራውን ቢተው ይሻለዋል፤ የአሜሪካው በ908.42፣ የአውሮፓው በ868.42 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ ሁለቱ አይግባቡም። በግድግዳ የሚገጠሙና የሚሰኩ የአሜሪካ መሣሪያዎችም ብዙዎቹ ለ120 ቮልት የተሠሩ በመሆናቸው ጽሑፋቸው ሳይነበብ መምጣት የለባቸውም። በባትሪ የሚሠሩ የዚግቢ ሴንሰሮችና የዩኤስቢ መቀበያው ግን ሞገዳቸው በየአገሩ አንድ ስለሆነ ከየትም አገር ቢገዙ ያለ ችግር ይሠራሉ።