በሰሜን ተራሮች ለጠበቁን ስካውት የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀትን ለማክበር ጎንደር የመጡ ዘመዶቻችንን ይዘን ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ልጆችን ጨምሮ ሰባት ሆነን በሳንቃበር ካምፕ ሁለት ሌሊት አድረን በሰላም የተመለስነው አብረውን በነበሩት የደባርቅ ስካውት (ጎብኚዎችን የሚጠብቁ የታጠቁ አጃቢ) ጥንቃቄ ስለሆነ፣ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ፣ ልጆቹ እንደጠሯቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ስካውት የያዝነው የፓርኩ ደንብ ስለሚያስገድድ ነበር፤ ሥራቸውም ጠመንጃ ተሸክሞ ከኋላ መከተል ብቻ ይመስለን ነበር። ጋሼ ግን መኪናው ከደባርቅ ሳይነሣ፣ ምን ዓይነት ምግብ እንደያዝንና የት ለማስቀመጥ እንዳሰብን ጠየቁን። ካምፑ እንደደረስን ቋንጣውንና የተረፈውን ጥብስ ከልጆቹ ሻንጣ ሳይቀር አስወጥተው ማብሰያ ቤት አስቆለፉበት። ድንኳን ውስጥ አንዲት ቁራሽ ሥጋ ብትቀር ሌሊት ጅብ ሽታዋን ተከትሎ እንደሚመጣ፣ የድንኳን ጨርቅም ለእርሱ ምንም እንዳልሆነ በእርጋታ አስረዱን። ይህን ስሰማ ከዚያ በፊት ያደረግሁት ሌላ ጉዞ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ የመራን ሰው፣ እንግዶቹ ጅብ እንዲያዩለት ሲል አጥንት ከድንኳናችን አጠገብ ሲጥል እኛም አብረን ስቀን ነበር። አሁን ሳስበው ያስደነግጠኛል።

በማግሥቱ ቀን ከጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መካከል አንዱ ትልቅ ወንድ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ፣ የወንድሜ ልጅ «ሳቀልኝ» ብሎ በሞባይሉ ፎቶ ሊያነሣው ተጠጋ። ጋሼ ክንዱን ይዘው «ልጄ፣ ሳቅ አይደለም፤ ራቅ ማለቱ ነው» አሉት። ቀጥለውም እነዚህ ሣር በል እንስሳት ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርደው የሚያድሩት ነብርና ጅብ ፈርተው መሆኑን ነገሩን። አገሩን ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው እንስሳ እንዲህ እየተጠነቀቀ፣ እኛ በጨለማ ብቻችንን እንዴት እንደምንዞር ጠየቁን፤ መልስ አልነበረንም። ልጁ ነብር ለማየት እንደሚፈልግ ሲነግራቸው ደግሞ «በእኛ አገር ነብር አየሁ አይባልም፤ ነብር አየኝ ነው የሚባለው» አሉት። ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ብኖርም፣ እውነተኛ ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው፤ ነብር ሰው ሳያየው ሰውን አይቶ የሚሰወር አውሬ ነውና።

በሁለተኛው ሌሊት እኅቴ ወደ መጸዳጃ ቤት ልትወጣ ፈልጋ፣ እንደታዘዘችው መጀመሪያ ጋሼን ቀሰቀሰች፤ እኔም አብሬ ወጣሁ። ጥቂት እንደተራመድን በባትሪው ብርሃን ሁለት ዓይኖች አበሩ፤ ጅብ ነበር። እኅቴ ልትሮጥ ስትል ጋሼ በዝቅተኛ ድምፅ «እንዳትሮጪ፣ ጀርባሽንም እንዳትሰጪው» ብለው ሦስታችንንም ጎን ለጎን አቆሙን፤ ባትሪውን ከጅቡ ሳያነሡም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መለሱን። ጅቡ ጥቂት ቆሞ ካየን በኋላ ሄደ። ጠመንጃው ከትከሻቸው አልወረደም።

ጠዋት ከእንግዶቻችን አንዱ፣ ሐረር ላይ ሰው ጅብን በእጁ ሲመግብ ማየቱን አንሥቶ ነገሩን አቅልሎ ተናገረ። ጋሼ የሰጡት መልስ፣ የሐረሩ ጅብ መጋቢውን በዓመታት ልምድ እንደሚያውቅ፣ ይኸኛው ግን እኛን እንደማያውቀን ነበር። በተረት ያደግንበት አያ ጅቦ ሞኝና ተታላይ ነው፤ አጥንት የሚፈጭ መንጋጋ ያለውን እውነተኛውን ጅብ በዚያ መመዘን ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

በጤና ሙያ የምሠራ በመሆኔ፣ ከነገሩን ሁሉ አንዱን ለይቼ ልጨምር። ጋሼ በጠራራ ፀሐይ ሰውን ሳይፈራ የሚጠጋ ቀበሮ ወይም ጅብ ከማንኛውም በላይ እንደሚያሰጋቸው ነግረውናል። ትክክል ናቸው፤ እንዲህ ያለው ጠባይ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ክትባት ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለምና። ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መሄድም አይገባም፤ ይኸው በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ እየተላለፈ ይፈጀዋል።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ደባርቅ ለምትሄዱ ሁሉ የማቀርበው ጥቆማ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት በኩል ስካውት ስትይዙ ምግብ የት እንደሚቀመጥ፣ ሌሊት እንዴት እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚሏችሁንም ፈጽሙ የሚል ነው። የቀን አበላቸውን ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ ሌሊቱን በብርድ ነቅተው የሚያድሩት ስለ እናንተ ነውና ትኩስ ሻይና ከምግባችሁ ድርሻ አትንፈጓቸው።

ጋሼ፣ ልጆቹ እስከ ዛሬ ስምዎን እያነሡ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።