የትኛው ክበብ ለየትኛው ተማሪ? ሀዋሳ ለሚገቡ አዲስ ተማሪዎች የቀረበ ንጽጽር

የክበባት የአባልነት ጥሪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የገባ አዲስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በሦስትና በአራት ቦታ ስሙን ያስመዘግብና ገና ሚድ ፈተና ሳይደርስ ከሁሉም ይቀራል። የአባልነት መዋጮ እምብዛም ኪስ የሚጎዳ ስላልሆነ፣ መመዘን ያለበት ክበቡ የሚወስደው ሰዓትና በምትኩ የሚሰጠው ነገር ነው።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪ እኔ የማስቀድመው የቀይ መስቀልና የበጎ አድራጎት ክበባትን ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና፣ ለምሳሌ የሚፈስ ደም ማቆም ወይም የተሰበረ እጅ መደገፍ፣ ተመራቂው የትም ቢሄድ አብሮት የሚሄድ ሙያ ነው። ደም ለመለገስ የሚፈልግ አባል ግን ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ መሆን አለበት። የበጎ አድራጎት ክበብ በበኩሉ ተማሪውን ከግቢ ያስወጣዋል፤ ከሩቅ መጥቶ በሐይቁ ዳር ካለው መዝናኛ፣ ከፍቅር ሐይቅ በቀር ከተማዋን ሳያውቅ፣ አንድ የሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) ሰላምታ እንኳ ሳይለምድ የሚመረቅ አለና። (የዓሣውን ዋጋ ግን አሳምሮ ያውቃል።)

የሥነ ጽሑፍ ክበብና ሚኒ ሚዲያ ከእነዚህ የበለጠ ጊዜ ይበላሉ፤ መጻፍ፣ መለማመድና መድረክ ማዘጋጀት የሳምንቱን መጨረሻ ይወስዳል። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ለሚውል የምህንድስና ወይም የሒሳብ አያያዝ ተማሪ፣ ጽሑፉን በሰው ፊት አንብቦ መታረም ክፍል ውስጥ የማያገኘው ዕድል ነው። የቋንቋ ተማሪ ግን ከትምህርቱ ጋር የሚደራረብበት ነገር ስለሚበዛ ብዙም አይጠቀምም።

ከሁሉም ውዱ የተማሪዎች ኅብረት ነው። የካፌውን ምግብ፣ የዶርሙን ውኃና የመብራት ቅሬታ ተሸክሞ ከአስተዳደር ጋር መደራደር ትልቅ ልምድ ቢሆንም፣ ቅሬታው በፈተና ዋዜማም በር ያንኳኳል። ስለዚህ ግሬዱ ገና ያልተረጋጋ ተማሪ ቢያንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ቢቆይ ይሻለዋል።

የትምህርት ክፍል የሙያ ማኅበራት ከሦስተኛ ዓመት ወዲህ ይመረጣሉ፤ የሕግ ተማሪ በምስለ ችሎት የሚከራከረው ክርክር ከኮርሱ ጋር ይሄዳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱ፣ በመጨረሻው ዓመት ከእነዚህ ሁሉ ሊቀጥል የሚገባው የሙያ ማኅበሩ ብቻ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ተማሪው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት አንድ ስብሰባ ተገኝቶ ክበቡ ባለፈው ሴሚስተር ምን እንደሠራ ይጠይቅ፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ከጠፋ ቅጹን ባዶውን መልሶ ይውጣ።