ሽንፈት የሚያስተምርባቸውና የማያስተምርባቸው፦ ስድስት የቪዲዮ ጌሞች ከወራት ጨዋታ በኋላ

ስለ አንድ የቪዲዮ ጌም የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ጌሙ ለገበያ በቀረበበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን ሁሉም ነገር አዲስ ስለሆነ የምስሉ ጥራት፣ ሙዚቃውና የታሪኩ አጀማመር ቀልብን ይስባሉ፤ ገምጋሚውም በጌሙ ገና ብዙ ጊዜ አልተሸነፈም። እኔ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስድስት ጌሞች በየራሳቸው ጊዜ ገዝቼ፣ አንዳንዱን ከስድስት ወር፣ አንዳንዱን ከአንድ ዓመት በላይ፣ ከሥራ መልስ ባሉት ምሽቶች ተጫውቻቸዋለሁ። ዘውጋቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነበር፤ ወራት ካለፉ በኋላ ግን ሁሉንም የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ሆነ። ይህ ጌም ስሸነፍ ምን ይሰጠኛል?

ይህን ጥያቄ ያስጀመረኝ ባልደርስ ጌት 3 ነው። በቤልጂየሙ ላሪያን ስቱዲዮስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2023 በኮምፒዩተር የወጣው ይህ የሚና ጨዋታ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተሰኘው የጠረጴዛ ጨዋታ አምስተኛ እትም ሕግጋት ላይ የቆመ ነው። ውጊያው በተራ በተራ ይካሄዳል፤ ሰውን ማግባባት፣ ማስፈራራት፣ መዋሸትና ቁልፍ መስበር ደግሞ 20 ጎን ባለው ዳይስ ይወሰናሉ። ዳይሱ 1 ካወጣ የገጸ ባሕርይው ችሎታ የቱንም ያህል ቢሆን ሙከራው ይከሽፋል፤ 20 ካወጣ ይሳካል።

ጌሙ በተጀመረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ኤመራልድ ግሮቭ በሚባለው ስፍራ፣ አራቤላ የተባለች ሕፃን ድሩይድ የሚባሉትን የተፈጥሮ ካህናት ቅዱስ ጣዖት ሰርቃ ተይዛ፣ ካጋ የምትባለው መሪያቸው መርዘኛ እባብ አስጠግታባት እናገኛታለን። ካጋን ለማግባባት ሞከርኩ፤ ዳይሱ ወደቀብኝ፤ ሕፃኗ ለማምለጥ ስትሮጥ እባቡ ነደፋት። በዚያች ሰዓት ያደረግሁት ብዙ ተጫዋች የሚያደርገውን ነው፤ ቀድሞ ያስቀመጥኩትን ጨዋታ መልሼ ከፈትሁና ዳይሱ እስኪሳካ ድረስ አራት ጊዜ ደጋገምኩ። የመጀመሪያዎቹን 90 ያህል ሰዓታት የተጫወትኩት እንዲህ ነው። አንድም ሰው ያልሞተበት፣ አንድም ውሸቴ ያልተነቃበት ጉዞ ሆነ፤ ከጨረስኩት በኋላ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የማስታውሰው ትዕይንት ጥቂት ነበር።

ነገሩን የለወጠው ኦነር ሞድ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 መጨረሻ በነፃ የተጨመረው ይህ ስልት ለአንድ ጉዞ አንድ ማስቀመጫ ብቻ ይፈቅዳል፤ የሆነው ሁሉ እንደሆነ ይቀራል፤ ቡድኑ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ደግሞ የኦነር ሞዱ ጉዞ በዚያው ያበቃል። በዚህ ስልት ወደዚያው ክፍል ገባሁ፤ ዳይሱን እንደገና ለመጣል የሚያስችለው የኢንስፒሬሽን ነጥብ አልቆብኝ ነበር፤ ሙከራዬ ከሸፈ፤ አራቤላም ሞተች። ከክፍሉ ስወጣ እናቷና አባቷ ከደጅ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞዬ ልጃቸውን በሰላም አስረክቤያቸው ያለፍኳቸው ሰዎች አሁን ፊት ለፊት ቆመው የምላቸውን ይጠብቃሉ፤ ከፊቴ የተደረደሩት መልሶች ደግሞ አንዳቸውም የሚያጽናኑ አይደሉም። ደራሲዎቹ ለተሸናፊው ተጫዋችም ያንኑ ያህል ጽፈውለታል። በየመንደሩና በየዋሻው ላልተሳካለት ሰው የተዘጋጀ ንግግር፣ የተዘጋጀ መንገድ፣ አንዳንዴም ከተሳካው የበለጠ ታሪክ አለ። ይህን ያህል ሥራ አብዛኛው ተጫዋች መልሶ በሚጭነው ጨዋታ ምክንያት ሳያየው ያልፋል፤ ለዚህ ነው ጌሙን የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውድቀቱን እንዲቀበል አጥብቄ የምመክረው። በቅንብሩ ውስጥ ካርሚክ ዳይስ የሚባል አማራጭም አለ፤ ዕድል በተከታታይ እንዳይከፋ የሚያስተካክል ሲሆን፣ ጌሙ ሲጫን በርቶ ነው የሚገኘው። እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ የሚወድቅብኝ ዳይስ ያልታረመ እንዲሆን ስለምፈልግ ነው።

እንከኑ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ጌሙ በወጣበት ወቅት በትልቋ ከተማ ውስጥ የምስሉ ፍጥነት እንደሚወርድ በሰፊው የተነገረ ሲሆን፣ ተከታታይ ማሻሻያዎች ብዙውን አቃልለውታል። ያልተቃለለው የውጊያዎቹ ርዝመት ነው። ብዙ ጠላትና ብዙ አጋር በአንድ ላይ በሚሰለፉበት ፍልሚያ የእኔ ተራ እስኪደርስ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ እንዲህ ባለው ውጊያ ከ50 ደቂቃ በኋላ መሸነፍ የሚያስተምረው ነገር ከሚወስደው ጊዜ ጋር አይመጣጠንም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የወጣው ስምንተኛው ማሻሻያ 12 አዳዲስ ንዑስ ሙያዎችን ሲጨምር ሦስተኛ ጉዞ ጀምሬያለሁ፤ አሁንም በእርሱ ላይ ነኝ።

ባላትሮ በመጠን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሎካልተንክ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ሰው የሠራው ሲሆን፣ የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2024 ነው። በ52 ካርታዎች የፖከር ጥምረቶችን እየሠሩ ቺፕን በማባዣ በማብዛት የተጠየቀውን ነጥብ መሙላት ነው ሥራው። አንድ ዙር ስምንት እርከኖች አሉት፤ እያንዳንዱ እርከን ብላይንድ የሚባሉ ሦስት ፈተናዎችን ይይዛል፤ ሦስተኛው አለቃው ነው፤ የራሱን ክልከላ ይዞ ይመጣል። የጨዋታውን ሕግ የሚያጣምሙ 150 ጆከሮች አሉ፤ ተጫዋቹ ግን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው በመደበኛው አምስት ብቻ ነው። በእውነተኛ ገንዘብ ምንም ዓይነት ውርርድ የለበትም። የአውሮፓው የዕድሜ ምደባ ተቋም ፔጊ ቀደም ሲል ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ብሎ የመደበው ከፖከር ጋር ባለው መመሳሰል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ግን ምደባውን ወደ 12 አውርዶታል። ተገቢ እርማት ነው።

ጌሙን ለምን እንደምወደው አንድ ሽንፈቴን በዝርዝር ብናገር ይሻላል። ሰን የተባለውን የታሮት ካርታ በተደጋጋሚ ተጠቅሜ አብዛኛውን ካርታዬን ወደ ልብ ምልክት ለውጬ ነበር። ጁፒተር የሚባለውን ካርታ አምስት ጊዜ አግኝቼ ፍለሽ የሚባለውን፣ አምስት ባለ አንድ ምልክት ካርታዎች የሚሠሩትን ጥምረቴን ከ35 ቺፕና ከ4 ማባዣ ወደ 110 ቺፕና 14 ማባዣ አድርሻለሁ፤ ከጆከሮቼም ሦስቱ የሚሠሩት የልብ ካርታ ነጥብ ሲያስቆጥር ነው። ስድስተኛው እርከን ላይ የመጣው አለቃ ዘ ሄድ ይባላል፤ የልብ ካርታዎችን በሙሉ ያመክናል። የሚፈልገው 40,000 ነጥብ ነበር። ጥምረቱ መሠረታዊ ዋጋውን ቢይዝም ካርታዎቹ ራሳቸው ምንም አላዋጡም፤ ጆከሮቼም ዝም አሉ፤ የተፈቀዱልኝን አራት ሙከራዎች በሙሉ ተጠቅሜ ከግማሹ እንኳ አልደረስኩም።

ይህ በዕድል የመጣ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ጌሙ የእርከኑ አለቃ ማን እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ብላይንድ በፊት በግልጽ ያሳያል፤ ስለዚህ ለመዘጋጀት በብላይንዶቹ መካከል ሁለት የሱቅ ጉብኝት ነበረኝ። በሁለተኛው ጉብኝት ሉቻዶር የተባለው ጆከር በጌሙ ውስጥ ገንዘብ በ5 ዶላር ቀርቦልኝ ነበር፤ ሲሸጥ የአለቃውን ክልከላ የሚሽር ጆከር ነው። ያለፍኩት በእጄ የነበረው 25 ዶላር እንዳይጎድል ብዬ ነው፤ በእያንዳንዱ 5 ዶላር አንድ ዶላር ወለድ ይከፈላል፣ ጣሪያውም በ25 ዶላር የሚገኘው 5 ዶላር ነው። አንዲት ዶላር ወለድ ላለማጣት ስል ዙሩን በሙሉ አጣሁ። ባላትሮ ሽንፈትን እንዲህ አድርጎ ነው የሚመልስልን፤ ተጫዋቹ ወደ ኋላ ቆጥሮ ጥፋቱ የተፈጸመበትን ደቂቃ በጣቱ ሊያመለክት ይችላል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ የሚወስደው ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። በከፍተኛዎቹ የክብደት ደረጃዎች፣ በተለይም በየብላይንዱ ኪራይ የሚያስከፍሉ ጆከሮች በሚመጡበት በወርቁ ደረጃ፣ ይህ ግልጽነት ይደበዝዛል፤ ሁለተኛው እርከን ላይ ሱቁ ምንም ሳያቀርብ ሲቀር የሚማሩት ነገር የለም። እኔ ከዚያ ደረጃ ወርጄ መጫወትን መርጫለሁ።

ቴከን 8 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 የወጣ የፍልሚያ ጌም ነው። በፍልሚያ ጌም ሽንፈት በየደቂቃው የሚያጋጥም ስለሆነ ጥያቄዬ እዚህ ይበልጥ ይከብዳል፤ የጌሙም መልስ ጠንካራ ነው። ያለቀውን ግጥሚያ መልሶ ሲያሳይ፣ በዚህች ቅጽበት በዚህ ምት መቅጣት ትችል ነበር ብሎ ይጠቁማል፤ ተጫዋቹም ቀረጻውን አቁሞ ገጸ ባሕርይውን ራሱ ተረክቦ ያቺን ቅጽበት ደጋግሞ ሊለማመዳት ይችላል። ከዚህም በላይ የተጫዋቹን ልማድ አጥንቶ እንደ እርሱ የሚዋጋ ጎስት የሚባል ተፋላሚ አለው። ከራሴ ጎስት ጋር ስገጥም ከእያንዳንዱ መከላከል በኋላ አንዲት ፈጣን ቡጢ ሳይሰነዝር እንደማያልፍ አየሁ። ጎንበስ ብዬ አሳለፍኳትና መታሁት፤ አሁንም ሰነዘረ፤ አሁንም መታሁት። ለወራት በኢንተርኔት ግጥሚያ ለምን እንደምሸነፍ የገባኝ በዚያች ምሽት ነው። የሚያነጋግረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የመጣው የሁለተኛው ዙር ማሻሻያ ነው። አጥቂውን ይበልጥ ስላጠናከረና ለተከላካዩ ያለውን አማራጭ ስላጠበበ በብዙ ተጫዋቾች ተቃውሞ ገጠመው፤ አዘጋጆቹም ማስተካከያ ለማድረግ ተገደዋል። ተቃውሞው ትክክል ነበር እላለሁ፤ መከላከል ለማይቻለው ጥቃት ቀረጻውን መልሶ ማየት ምን ይጠቅማል? በመሣሪያ በኩል ግን ለገዢዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ መቆጣጠሪያዬ በሰባተኛው ወር ሳልነካው ወደ ግራ መንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ የተሸነፍኩባቸው ብዙ ግጥሚያዎች በዚያ ምክንያት እንደሆኑ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ስለ አስትሮ ቦት ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2024 ለፕሌይስቴሽን 5 የወጣው ይህ የመዝለል ጌም ትንሿን ሮቦት በአንድ ምት ይገድላታል፤ ወዲያው ግን ከጥቂት እርምጃ በፊት ወደነበረችበት ይመልሳታል፤ ሽንፈቱ ቅሬታ ለማሳደር እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ጨርሼዋለሁ፤ የጠፉትን ሮቦቶች ሁሉ ሰብስቤያለሁ፤ ያለ ማረፊያ የሚጫወቱት አጫጭር የፈተና መድረኮች ደግሞ እስካሁን አብረውኝ አሉ።

ኤልደን ሪንግ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የውጊያና የፍለጋ ጌም ነው፤ እኔ የማነሣው እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2024 የመጣውን ሻዶው ኦፍ ዘ ኧርድትሪ የተባለ ተጨማሪ ክፍሉን ነው። በዋናው ጌም አለቃ በሚባል አንድ ኃያል ጠላት የተሸነፈ ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዶ ደረጃውን አሳድጎ ይመለሳል። በተጨማሪው ክፍል ግን ደረጃ ብቻውን ያን ያህል አይረዳም፤ ጉዳትንና መከላከልን የሚጨምሩት በምድሪቱ ተበትነው የሚገኙ የስካዱትሪ ቁርጥራጮች ናቸው። በመሆኑም ሽንፈት ተጫዋቹን ወደ ፍለጋ ይልከዋል፤ እኔም ተሸንፌ ስመለስ ያገኘኋቸው ሸለቆዎችና ፍርስራሾች ከአለቆቹ ይልቅ በልቤ ቀርተዋል። የመጨረሻው አለቃ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነበር። ተከታታይ ምቶቹና ዓይን የሚያጠፋው ብርሃኑ ምን እንደመታኝ እንኳ ለማየት አላስቻሉኝም፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የወጣው ማሻሻያ ካለዘበው በኋላ ነው እንቅስቃሴውን ማንበብ የቻልኩት።

የመጨረሻው ሲቪላይዜሽን 7 ነው፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 የወጣ የስልት ጌም። ታሪክን በሦስት ዘመናት ከፍሎ፣ በወጣበት ጊዜ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ሁሉም ተጫዋቾች ሥልጣኔያቸውን እንዲቀይሩ ያደርግ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ከሚገኙት ሥልጣኔዎች አንዱ አክሱም ስለሆነ በእርሱ ጀመርኩ፤ በባሕር ንግድ በለጸግሁ፤ ሐውልት የሚባለውን ልዩ ግንባታ በየከተማው ዙሪያ አቆምኩ። ዘመኑ ሲያልቅ ሐውልቶቹ በቦታቸው ቀሩ፤ ሕዝቡ ግን ስሙ ተለወጠ፤ ከመዲናዬ በቀር ከተሞቼ ወደ ተራ ሰፈራነት ወረዱ፤ ሠራዊቴም ተቀነሰ። በአንጻሩ በሰሜን በኩል ሦስት ከተማ የነጠቅሁትና ሊጠፋ የደረሰው ጎረቤቴ ከእኔ ጋር በእኩል ጀመረ።

የንድፉ ዓላማ ይገባኛል። በቀደሙት የዚህ ጌም እትሞች መሪ የሆነ ተጫዋች ከመቶ ዙር በኋላ ማሸነፉ የታወቀ ስለሚሆን ብዙ ሰው ሳይጨርስ ይተወዋል፤ ዘመናቱ የገቡት ይህን ለማረም ነው። ነገር ግን ሽንፈት በየዘመኑ ከተሰረዘ ድልም አብሮ ይሰረዛል። በአንድ ዘመቻ ጦርነት ተሸንፌ የወደብ ከተማዬን አጣሁ፤ ቂሜን ይዤ ለመበቀል እየተዘጋጀሁ ሳለ ዘመኑ አለቀ፤ ያ ባላጋራም ሌላ ስም ይዞ፣ ድንበር ላይ የነበረው ሠራዊቱ ተበትኖ መጣ። ሰፈራዎችን እንደ ልብ መሰየምን የመሳሰሉ በመጀመሪያ የጎደሉ ነገሮች በማሻሻያ ተሟልተዋል፤ መረጃ አሰጣጡም ተሻሽሏል፤ ይህኛው ግን በመሠረቱ ውስጥ ያለ ነው። ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የምለው፣ የመጀመሪያው ዘመን ብቻውን በዚህ ዓመት ከተጫወትኳቸው የስልት ጌሞች ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ነው። አምስት ዘመቻዎች ጀምሬ እስከ መጨረሻ የደረስኩት በአንዱ ብቻ ነው፤ አራቱ በሦስተኛው ዘመን መግቢያ ላይ እንደቆሙ ተቀምጠዋል።